ማንም ያልታመመባት መንደር

ኦክላንድ መሀል ከተማ ውስጥ፣ ከስልክ ሳጥን ብዙም በማትበልጥ የመስታወት ክፍል ተቀምጬ የመኪና ማቆሚያ ትኬት እሰጥ ነበር። ሥራው ለገጣሚ ይመቻል። መኪና ሲገባ ትኬት መስጠት ነው፣ ሲወጣ መቀበል ነው፤ በመሀሉ ያለው ጊዜ የራስ ነው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን እያነበብኩ፣ ከልጅነቴ በጆሮዬ የቀረውን ደግሞ እያስታወስኩ፣ በተመለሱ ትኬቶች ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። ጠዋት ክራቫቱን አጥብቆ፣ ቦርሳውን እንደ ጋሻ ይዞ የሚሄድ ጠበቃ ነበር፤ ማታ ሲመለስ ቦርሳው ጉልበቱን እየመታ ነው። ሰው መኪናውን ሲተውና ሲወስድ ፊቱ አንድ እንዳልሆነ ያየሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

የግጥሞቼ አንባቢ ታናሽ እህቴ ብቻ ነበረች። አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ አብረን እንኖር ነበር፤ መኝታ ቤቱ የሷ፣ ሳሎኑ የኔ። ከኮሌጅ ስትመለስ ትኬቶቹን እንደ ካርታ ጠረጴዛው ላይ እደረድርላታለሁ። እሷ ግጥም አትጽፍም፤ የምትወደው ሒሳብ ነው። ሆኖም በአመልካች ጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገች ስንኙን ትለካዋለች። ጣቷ ድንገት ሲቆም አንድ ነገር እንደተሰበረ አውቃለሁ። እሷ ግን ተሰብሯል አትልም።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ አልገባኝም» ትላለች።

«ምኑ?»

«እንጃ። እስቲ እንደገና አንብብልኝ።»

እንደገና ሳነበው ስብራቱን ራሴ አገኘዋለሁ። አስተካክዬ ሳነብላት «አዎ፣ አሁን ገባኝ» ትልና ወደ ካልኩለሷ ትመለሳለች።

ይህን ጠባይ ያመጣችው ከቤት ነው። አባታችን አሰላ ውስጥ በጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ለሕፃን የሚሰጠውን መድኃኒት ከክብደቱ ጋር ሲያሰላ እሷ አጠገቡ ቆማ ታያለች። ደክሞት ሲሳሳት «አባባ፣ ይሄን እንዴት እንዳገኙት አልገባኝም» ትለዋለች። አባባ መነጽሩን ከፍ ያደርጋል፣ ቁጥሩን እንደገና ይሠራል፣ አስተካክሎም «አሁንስ ገባሽ?» ይላታል። «ገባኝ» ትለዋለች። ትልቅ ሰው አልታረመም፤ ልጅም አልደፈረችም፤ ሕፃኑ ግን መድኃኒቱን በልኩ ይወስዳል። ትምህርት ቤትም ያው ነበር። ከህንድ የመጣው የሒሳብ መምህራችን እሷ እጇን አውጥታ «አልገባኝም፣ ሰር» ስትል ፊቱን የሚያዞረው ወደሷ አልነበረም፤ ወደ ሰሌዳው ነበር።

አባባ ወደ አሜሪካ ሲልካት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቃት፤ ሐኪም ሆና እንድትመለስ። ሒሳብ መውደዷን ያውቃል። «እሱን ሐኪም ከሆንሽ በኋላ ትጫወችበታለሽ» አላት። እሷም እሺ አለች፤ እሺ ያለችውም ለይሉኝታ አልነበረም። በወባ ወቅት አባባ ወደ ቆላው ሲወርድ አንዳንዴ ይዟት ይሄድ ነበር። አንዱ መንደር ሙሉ በሙሉ ተኝቶ፣ ጅረት ተሻግሮ ያለው መንደር ደህና ሆኖ ታየዋለች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው አባባ «እግዜር ያውቃል» ይላት ነበር። እሷ ደግሞ እግዜር የሚያውቀውን በቁጥር ማወቅ ፈለገች። ሰው ሁሉ ሒሳብና ሕክምና ሁለት መንገድ ናቸው ይላታል፤ ለሷ ግን አንድ ጥያቄ ነበሩ።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው ይህ የሆነው። ኦክላንድ ውስጥ የነበርነው የሀገር ልጆች ጥቂት ነበርን፤ አብዛኞቻችን ተማሪ፣ ሁላችንም ተመልሰን ሚኒስትር የምንሆን። በዕድሜ የሚበልጠን ሕክምና ተምሮ ጨርሶ በአንድ ሆስፒታል በልምምድ ላይ የነበረ ሰው ነው። ዶክተር ነበር የምንለው። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እህቴ ግን አንቱ ትለዋለች። የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ያዘነ የሚያጽናናው፣ መኪና ያለውም እሱ ብቻ ነበር።

እህቴ የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ ልትጨርስ ስትቃረብ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት። አንዱ ከኛ ሰፈር በአውቶብስ የሚደረስ፣ ስሙ ሀገር ቤት ድረስ የተሰማ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው ሳን ሆዜ ያለው ነው፤ ስሙን ከኛ መካከል አጥርቶ የሚያውቀው አልነበረም። የቱ ሒሳብን ሜጀር አድርጋ የሕክምና መግቢያ ኮርሶቹን አብራ እንድትወስድ ይፈቅድላታል? እሷ ማወቅ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው። አንዱን ጣዪ የሚላት ቦታ ከገባች የጣለችውን ለዘላለም እንደምታጣው አውቃ ነበር፤ ለአባባ ቃል ስለገባች የሚጣለው ደግሞ ሒሳቡ ነው።

መጀመሪያ ወደ ትልቁ ሄድን። ዶክተርም የዕረፍት ቀኑ ነበርና አብሮን መጣ። አድቫይዘሯ ደግ ሴት ነበሩ፤ የእህቴን ማርክ አይተው ፈገግ አሉ፣ ወንበር ሳቡላት። ምክራቸው ግን አጭር ነበር። ሁለቱን የሞከሩ ብዙ ልጆች አይተዋል፤ ሒሳብ ማርክ ይበላል፤ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚያየው ማርክ ነው፤ ስለዚህ ባዮሎጂ ይሻላል። ከዚያ እንድናይ ወደ አንድ የሒሳብ ክፍል ላኩን። ክፍሉ ሲኒማ ቤት ያክላል። መምህሩ ከሩቅ፣ ከታች፣ ለሰሌዳው እየተናገሩ ጻፉ፤ ሰዓቱ ሲሞላ በጎን በር ወጡ። የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የት ቆሞ እንደሚጠይቅ አላየሁም።

ደጅ ላይ አሜሪካ ባሕር ማዶ የምታካሂደውን ጦርነት የሚቃወም ወረቀት የሚያድሉ ልጆች ከበቡን። ዶክተር የተሰጠውን ወረቀት ሁሉ በትህትና እየተቀበለ ኪሱን ሞላው።

«እንግዲህ አለቀ» አለ። «ባዮሎጂ ትያለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ ሐኪም ሆነሽ ትወጫለሽ። እኔም የሄድኩበት መንገድ ነው።»

«ሳን ሆዜንስ አናይም?» አለች እህቴ።

«ሳን ሆዜ ምን አለ? የፕሪም እርሻ ነው ያለው።»

«ፕሪም እወዳለሁ» አለች።

ዶክተር ወደኔ ዞረ። «ገጣሚው፣ እህትህን ምከራት እንጂ። አባታችሁ የዚህን ስም በሬዲዮ ሰምቶታል። ያንን ማን ሰምቶታል?»

«አንድ ቀን ነው» አልኩት። «ብናየው ምን እንጎዳለን?»

ዶክተር አፉ እንዲህ ይበል እንጂ አርብ ዕለት መኪናውን አጥቦ በራችን ላይ ቆመ። ለኔም ሙሉ ልብስ አበድሮኝ ነበር፤ እጅጌው መዳፌ ላይ ይደርሳል። እሱ ጥቁር ልብሱን ከነሰደርያው ለብሷል። ፕሮፌሰር ፊት የሚቀርበው እንደዚህ ነው አለ። እህቴ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች።

ወደ ደቡብ በሄድን ቁጥር ዛፉ በዛ። የፕሪምና የኮክ ዛፍ በሰልፍ ቆሞ ያልፋል፤ መኪናው ሲሮጥ ሰልፎቹ እንደ ማራገቢያ ተከፍተው ይዘጋሉ። ከዚያ ድንገት አንድ እርሻ ከነሥሩ ተነቅሎ ዛፎቹ ተከምረዋል፤ አጠገቡ መስኮት የሌለው አዲስ ፋብሪካ ቆሟል። ከተማው ውስጥ ስንገባ የተቀቀለ ፍሬ ሽታ ተቀበለን፤ ፍሬ የሚያሽጉት ፋብሪካዎች ሥራ ጀምረዋል። ዶክተር መስኮቱን ዘጋ። «ይኸው፣ ማርማላታ ውስጥ ልትማሪ ነው» አለ። እህቴ የራሷን መስኮት ከፈተች።

የሒሳቡ ክፍል ያለበትን ሕንፃ አገኘን። ኮሪደሩ ላይ አጭር እጅጌ ሸሚዝና ሰንደል ያደረገ፣ ክንዱ ላይ ጠመኔ የነካው፣ ጸጉሩ የተበታተነ ሰው በር ሲያስተካክል አገኘነው። ዶክተር ቀረብ ብሎ፣

«ይቅርታ፣ ጌታዬ፣ ፕሮፌሰሩን ፈልገን ነበር» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ ሰውየው። «ይሄ በር አልዘጋ ብሎ አስቸግሮኛል፤ ግቡ።»

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጨበጥነው። ቢሮው ትንሽ ናት፤ አንዱ ግድግዳ ሙሉውን ጥቁር ሰሌዳ ነው። ተቀመጡ ሲለን ተቀመጥን፤ ወንበር ሊያቀርብ ሲነሳ ተነሳን፤ ሲቀመጥ ተቀመጥን፤ መስኮት ሊከፍት ሲነሳ ደግሞ ተነሳን። በመጨረሻ ሰውየው በጥርጣሬ እያየን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

የእህቴን ወረቀት ተመለከተና «ሒሳብም ሕክምናም። ለምን ሁለቱንም?» ብሎ ጠየቃት።

«በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ በቁጥር ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችው። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ እንግሊዝኛዋ ግን ንጹሕ።

ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ። እኛም ተነሳን። በእጁ ተቀመጡ አለንና ጠመኔ አነሳ። ፊቱ ልክ ተወዳጅ እንግዳ እንደመጣበት ሰው በርቷል። «አንድ መንደር አስቡ» አለ። «በሽታው የሚጨምርበት ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በታመሙት ሰዎች ብዛትና ገና ባልታመሙት ብዛት። የታመመ ሲበዛ የሚያስይዝ ይበዛል፤ ያልታመመ ሲበዛ የሚያዝ ይበዛል። ሁለቱን እናባዛቸው።» ጻፈ። ይሄን እኔም ተከተልኩት። ቀጥሎ ሁለቱንም ወገን በአንድ ነገር አካፈለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እኔን ጥሎኝ ሄደ። ስለዚህ ሰሌዳውን ትቼ እህቴን ማየት ጀመርኩ። አመልካች ጣቷ ጉልበቷ ላይ መታ መታ ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

ሰውየው እስከ ታች ጽፎ ጨረሰ። «እንግዲህ» አለ፣ «ማንኛውም መንደር፣ አጀማመሩ ምንም ይሁን ምን፣ በቂ ጊዜ ካለ ሁሉም ሰው ይታመማል ማለት ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እህቴ። «ከሁለተኛው መስመር ወደ ሦስተኛው እንዴት እንደመጡ አልገባኝም።»

እኔ ውስጤ ሳቀ። ያዘችው አልኩ።

ሰውየው ግን ወደ ሰሌዳው አላየም፤ ወደሷ አየ። «ችግር የለም» አለና እንዴት እንዳካፈለ አሳያት። እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችና፣ «ይቅርታ፣ አሁንም ሦስተኛው መስመር አልገባኝም» አለችው። አሁን ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ፊደሎቹን ትልልቅ አድርጎ ጻፈው። ሕፃን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። እሷም ለመጨረሻ ጊዜ፣ «ያንን መስመር አንዴ ብቻ ቢያሳዩኝ» አለች።

ሰውየው ጠመኔውን አስቀመጠ።

ይሄኔ ዶክተር ጣልቃ ገባ። ሰደርያውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ በሚያምረው የሆስፒታል እንግሊዝኛው፣ «ፕሮፌሰር፣ ልጅ ናት፤ ገና ብዙ አታውቅም። ቢሆንም ታታሪ ናት፤ ቢታገሷት ትማራለች» አለው። በኛ ደንብ ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት የለም። አንድ ትልቅ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ይህን ያህል መንገድ ነድቶ መጥቶ ልጅ ናት ካለ፣ ሰሚው ምን ዓይነት ልጅ ብትሆን ነው ይላል። ይህ ሰሚ ግን የተባለውን እንደተባለ ሰማው።

«ገብቶኛል» አለ በሐዘኔታ። ከጠረጴዛው ወረቀት ቀድዶ ጻፈና ዘረጋላት። «ከመጀመሪያው ካልኩለስ ብትጀምሪ ይሻልሻል። ሕክምናው ሲጨመርበት ደግሞ ከባድ ይሆናል። ምናልባት ሒሳቡን ለጊዜው ትተሽ እዚያ ላይ ብታተኩሪ።»

እህቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችና አመሰገነችው። ልንወጣ ተነሳን። ዶክተር እጁን እየዘረጋ ነው። እኔ በአማርኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የምር ያልገባሽ መስሎታል» አልኳት።

«አይደለም፣ እየፈተነኝ ነው» አለች። «ራሱ እስኪያየው እየጠበቀ ነው።»

«ማን ነው የሚፈትንሽ? ወረቀቱን አንብቢው።»

አነበበችው። ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት የጨረሰችው ትምህርት ነው የተጻፈላት። ቀና ስትል ሰውየው ዳስተሩን አንስቶ መንደሩን ከላይ ማጥፋት ጀምሯል።

እህቴን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። ስትቆጣ ፊቷ አይለወጥም፤ አንገቷ ብቻ ይረዝማል። ወረቀቱን አጠፈችው፣ ለኔ ሰጠችኝ፣ ወደ ሰሌዳው ሄደችና ከሰውየው አጠገብ ቆመች።

«ጠመኔውን ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

ሰጣት። እሷ ከሦስተኛው መስመር አጠገብ፣ ባልጠፋው ቦታ፣ የታመሙት ሰዎች ብዛት ከዜሮ ጋር እኩል ነው ብላ ጻፈች።

«በዚህ መንደር ማንም ባይታመምስ?» አለች። ድምፅዋ አሁን ትንሽ አልነበረም። «በዜሮ ማካፈል አይቻልም። እርስዎ ሲያካፍሉ ይህን መንደር ጣሉት። ማንም ያልታመመባት መንደር ውስጥ በሽታውን ማን ለማን ይሰጣል? እንደዚያው ትኖራለች። እሷም መልስ ናት። አጀማመሩ ምንም ይሁን ምን የሚለው ልክ አይደለም።»

በተከፈተው መስኮት የፍሬው ሽታ ይገባል። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን በግጥም ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስንኙ ሁልጊዜ ከሷ ያንሳል። ለዚህ ነው እንዲህ በዝርው የምጽፈው። አባቴ የሚያስታምማቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ ጅረት ማዶ ደህና የነበረው መንደርም። ያን መንደር ከሰሌዳ ላይ እንዳይጠፋ ቆማ የተከላከለችለት የኔ እህት ናት።

ሰውየው የጻፈችውን አየ። ከዚያ ግንባሩን በእጁ መታ፤ ግንባሩም ነጭ ሆነ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ፍጹም ልክ ነሽ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ ሲያደርግ ማርክ የምቀንስበት ስህተት ነው። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት» አለች።

ሰውየው ወደኛ ዞረ። እኔ ዶክተርን አየሁት። ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኛ ዘንድ» አለ፣ «ትልቅ ሰው ተሳስተሃል አይባልም። እንደገና እንዲያየው ዕድል ይሰጠዋል።»

«እና እርስዎ ብዙ አታውቅም ያሉኝስ?»

ዶክተር መሬት መሬት አየ። «በእኛ ዘንድ የራስን ልጅ ሰው ፊት አያሞግሱም።»

«ታዲያ ምን ማለትዎ ነበር?»

ዶክተር ትንሽ አሰበ። እንደዚህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም። «ከእሷ የሚሻል ተማሪ አያገኙም ማለቴ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን በኛ ላይ አልነበረም። ዳስተሩን ለእህቴ ሰጣትና «እንግዲያው የኔን አጥፊና አንቺ ከመጀመሪያው ሥሪው» አላት። አጠፋችው። ሠራችው። በየመሀሉ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ አንድ ቦታ ላይ ተከራከሩ፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም ሰሌዳውን እያዩ ጎን ለጎን ቆሙ። ዶክተርና እኔ ሚዜ መስለን ግድግዳ ሥር ተቀምጠናል። ሁሉም ሰው ታሞ ያለቀበት መንደርም እንዲሁ ከስሌቱ መውጣቱን ስታሳየው ሰውየው «እሱንም ጥዬዋለሁ?» ብሎ እንደ ልጅ ተደሰተ።

በኋላ ተቀምጦ ሌላ ወረቀት ጻፈላት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት ክፍል ነበር። ኬሚስትሪውና ባዮሎጂው በየሴሚስተሩ እየተጨመረ እንዴት እንደሚሄድም ጎን ለጎን አሰመረላት። ዶክተር አላስቻለውም።

«ሜጀሯ ባዮሎጂ ካልሆነ የሕክምና ትምህርት ቤት ይቀበላታል?»

«የተባሉትን ኮርሶች ከወሰደች ሜጀሯን አይጠይቋትም። ማን ነው አይሆንም ያለዎት?»

ዶክተር ማን እንዳለው ለማስታወስ ሞከረ። እሱም ከሱ በፊት ከመጣ የሀገር ልጅ ነው የሰማው፤ ያም ከሌላ።

«እኔ ግን አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ» አለ ሰውየው ለእህቴ። «ክፍል ውስጥ ስሳሳት ወዲያው ንገሪኝ። እኔ ዕድል ቢሰጠኝም አላይም፤ አየሽው አይደል።»

እህቴ ነገሩን ከልቧ አሰበችበት። «በጽሑፍ ቢሆንስ?» አለች።

«በአፍ።»

«እሞክራለሁ» አለችው።

ስንወጣ ፀሐዩ መሀል አናት ላይ ነበር። ዶክተር ቀድሞን መኪናው ጋ ደረሰ። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ሳይከፍት ቆመ።

«እሺ፣ ጎበዝ ሰው ነው» አለ። «አልክድም። ግን አንድ ሰው ነው። ያኛው ስም ነው። ተመልሰሽ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ የት ተማርሽ ነው። ሳን ሆዜ ስትያቸው ካርታ ሊፈልጉ ነው።»

«ካርታ ይፈልጉ» አለች።

«አባትሽስ?»

«አባባ የሚጠይቀኝ ሐኪም ሆንሽ ወይ ብሎ ነው። እሆናለሁ። እዚያ ብሄድ ሐኪም ብቻ ነው የምሆነው፤ እዚህ ሁለቱንም እሆናለሁ። ዶክተር፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ስሙ ያስቆጫል። እኔም ይቆጨኛል። ግን እዚህ ነው የምማረው።»

ይህን ስትል ዶክተር ወደኔ አየ፤ እንደ ታላቅ ወንድም አንድ ነገር እንድል። እኔ ያሰብኩት ስለ አፓርታማችን ነበር። ከኦክላንድ እዚህ በየቀኑ መመላለስ አይቻልም። ክፍል ተከራይታ ልትኖር ነው፤ ትኬቶቼን ጠረጴዛ ላይ የምደረድርለት ሰው አይኖረኝም። ይህን አሰብኩና አልተናገርኩትም። «የመረጠችው እሷ ናት» አልኩት። «እኔ በበኩሌ ኮርቻለሁ። ሰው ፊት ስለነበርን ብቻ ነው ዝም ያልኩት።»

ዶክተር ሳያስበው ሳቀ። በሩን ከፈተ፤ ኮቱንና ሰደርያውን አውልቆ መኪናው ውስጥ ወረወራቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ቤት እንፈልጋ። እዚህ ድረስ ነድቼ ባዶ እጄን አልመለስም።»

በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉት መንገዶች በአሮጌ የእንጨት ቤቶች የተሞሉ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ የሚከራይ ክፍል አለ የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያውን በር አንኳኳን። የከፈቱልን ሽማግሌ ሴት ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አዩና «ልትሰብኩኝ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣችሁት?» አሉ።

«ክፍል ፈልጌ ነው» አለች እህቴ። «እኔ ነኝ የምከራየው፤ ተማሪ ነኝ።»

«ምን ትማሪያለሽ?»

«ሒሳብና ሕክምና።»

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ሴትዮዋ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ደረጃውን አወጡን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግቢው ዛፍ ይከፈታል፤ አልጋው ደህና ነው። ዶክተር ፍራሹን በመዳፉ ተጫነና በአማርኛ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ሳትቀደሚ ያዢው» አላት። እህቴ ትልቁን ባዶ ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች ነበር።

«እዚህ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ብሰቅል ይፈቅዱልኛል?» ብላ ጠየቀች።

«ሚስማር ቤቴ ውስጥ አይመታም» አሉ ሴትዮዋ። «ሥዕልም ቢሆን።»

እህቴ እጇን ከግድግዳው አነሳች። ጠዋት ቢሆን ኖሮ እናስብበታለን ብላ፣ ሦስት ጊዜ አመስግና፣ ምናልባትም ክፍሉን ተከራይታ ትወጣ ነበር።

«ክፍሉ ያምራል፤ ለኔ ግን አይሆነኝም» አለቻቸው። አመሰገነችና ደረጃውን ወረደች። ዶክተርና እኔም ሴትዮዋን እጅ ነስተን፣ ወደሚቀጥለው ቤት ተከተልናት።